25 የሚል ቁጥር ያለበት ሩም ሁሉ የ25 ዓመት አይደለም

ወገኖች፣ በተለይ አሜሪካ ሆናችሁ ለሰርግና ለምርቃት ውድ መጠጥ የምትገዙ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘባችሁን እንዳታወጡ። እኛ የገዛነው የካሪቢያን ሩም ነው፣ ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራው መጠጥ። «ሊሚትድ ኤዲሽን» (በተወሰነ ብዛት ብቻ የወጣ) ይላል፣ በወርቃማ ቀለም ትልቅ 25 ተጽፎበታል፣ በሚያምር የእንጨት ሳጥን ነው የሚሸጠው። ለጓደኛችን ምርቃት አዋጥተን 180 ዶላር ከፈልንበት። ሻጩ «25 ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ ነው» ብሎ ነው የሸጠልን። ውሸት ነው።

ሽታው ቫኒላ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። አፍ ውስጥ እንደ ሽሮፕ ይወፍራል፣ ከንፈር ላይ ይጣበቃል፣ ከተዋጠ በኋላ የሚቀረው ጣፋጩ ብቻ ነው። በኦክ በርሜል ብዙ ዓመት የቆየ ሩም እንዲህ አይደለም። እንጨቱ ምላስን ደረቅ ያደርጋል፣ ትንሽ መረር ይላል፣ ከዚያ የደረቀ ፍራፍሬው፣ ቅመሙ፣ ትምባሆ ትምባሆ የሚለው ነገር ተራ በተራ ይመጣል፣ ቶሎም አይጠፋም።

አንዱ ጓደኛችን ሃይድሮሜትር፣ ማለትም በፈሳሹ ክብደት የአልኮሉን መጠን የሚያነብ መሣሪያ፣ ስላለው ለካው። ጠርሙሱ 40 በመቶ አልኮል ይላል፣ መለኪያው ግን 34 አነበበ። አልኮሉ ጎድሎ ላይሆን ይችላል፤ ስኳር ሲጨመር ፈሳሹ ስለሚከብድ ንባቡ ይወርዳል። በዚህ ልዩነት ሲሰላ በሊትር ከ20 ግራም በላይ ስኳር አለው ማለት ነው። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ ለሩም የፈቀደው ከፍተኛው መጠን በሊትር 20 ግራም ነው። የባርቤዶሱ የሩም ፋብሪካ ፎርስኩዌር ደግሞ ሩሙ ውስጥ ስኳር አይጨምርም። ስኳር መጨመሩ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ግን ወጣት ሩም ያረጀ እንዲመስል የሚያደርገው እሱና የካራሜል ቀለም ናቸው፣ እኛም የከፈልነው ለዕድሜው ነው እንጂ ለስኳር አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሳጥኑን ገልብጠን፣ ጠርሙሱን ዙሪያውን ፈትሸን፣ «ዓመት» የሚል ቃል የትም አጣን። ከኋላ በደቃቅ ጽሁፍ «ሶሌራ» ይላል። ሶሌራ ማለት ወጣቱንና አሮጌውን በየደረጃው እያቀላቀሉ ማሳደር ነው፣ አሠራሩ ጥሩ መጠጥ ሊሰጥ ይችላል። ግን እዚህ ላይ ቁጥሩ ቢበዛ ከመካከላቸው በጣም ያረጀውን ጠብታ ነው የሚያመለክተው። በትክክል የተጻፈ ዕድሜ የሚቆጠረው ከሁሉም በወጣቱ ነው።

ደግሞ ሙቀቱን አስቡት። ካሪቢያን ውስጥ ከበርሜሉ በየዓመቱ 6 በመቶና ከዚያ በላይ ይተናል፣ ውስኪ በሚያረጅበት በቀዝቃዛው ስኮትላንድ ግን 2 በመቶ አካባቢ ነው። በ6 በመቶ ብንሄድ እንኳ ከ20 ዓመት በኋላ በርሜሉ ውስጥ ከሲሶ በታች ነው የሚቀረው። እዚያው አገር 25 ዓመት የቆየ ሩም እንግዲህ በየሱቁ መደርደሪያ ተደርድሮ አይገኝም። የጃማይካው የሩም አምራች አፕልተን እ.ኤ.አ. በ2012 ለጃማይካ ነጻነት 50ኛ ዓመት የ50 ዓመት ሩም ሲያወጣ 800 ጠርሙስ ብቻ ነበር፣ ብዛቱንም በግልጽ ተናግሯል። የእኛው «ሊሚትድ» ግን ስንት ጠርሙስ እንደወጣ አይጽፍም፣ የትኛው ፋብሪካ እንዳወጣውም አይናገርም፣ «የካሪቢያን ምርጥ ሩሞች ቅልቅል» ብቻ ይላል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠርሙሱን ከሳጥኑ አስወጡና ጀርባውን አንብቡ። የፋብሪካው ስም፣ ከቁጥሩ ጎን «ዓመት» የሚለው ቃል፣ ያረጀበት አገር ከሌሉ ተዉት፣ ሻጩ ምንም ቢምል። በዚያው ዋጋ ከባርቤዶስም ከጃማይካም ዕድሜው በግልጽ የተጻፈ ጥሩ ሩም ታገኛላችሁ፣ ምናልባትም ሁለት ጠርሙስ። እኛ ከፍተን ስለቀመስነው ሱቁ አልመልስም ብሎናል። እናንተ ገዝታችሁ ገና ያልከፈታችሁት ካለ ማሸጊያውን ሳትነኩ ደረሰኙን ይዛችሁ ዛሬውኑ መልሱ።