አምስቷ ደቂቃ ተቀነሰች

ለእህቴ ሠርግ ዘፈን ላስቀዳ መገናኛ አካባቢ ያለች ጠባብ ስቱዲዮ ሄድኩ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ባንድ ትራምፔት ነፊ ናቸው። ጥላሁን ገሠሠና ማህሙድ አህመድም ከክብር ዘበኛ ባንድ ጋር ዘፍነዋል፤ ወታደር ቤት ለሙዚቃችን ባለውለታ ነው።

አምስት ደቂቃ አርፍጄ ስደርስ በር ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ ከሰዓትህ ትቀነሳለች።» ቀልድ መስሎኝ ነበር። ተቀነሰች!

ክራሬን በትዝታ ቅኝት ጀመርኩ። አስቆሙኝ። ጎንበስ ብለው አንዷን ክር ነካ አደረጉና «ይቺ ሰክራለች» አሉ። እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። ራሳቸው ቃኙልኝ።

ጄኔሬተር የላቸውም፤ መብራት ሲጠፋ ቡና እየጠጣን ጠበቅን። የታክሲ ጥሩንባም አልፎ አልፎ ይገባል። ቅጂው ግን ጥርት ያለ ነው። ግማሽ ቀብድ ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ። ብቻ እንዳታረፍዱ።