ለሰርግ አልበምና ለቪዲዮ የትኛው ሞኒተር? ሦስቱን ጎን ለጎን

ሞኒተር ለቀለም ሥራ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ያስተማረኝ ሐረር ውስጥ የሠራሁት አንድ የሰርግ አልበም ነው። የሙሽሪት ቀሚስ ደማቅ ቀይ ሐር ነበር። ስክሪኔ ላይ ቀዩ ከልክ በላይ ጮኸብኝ፤ ቀነስኩት። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ ቀሚሱ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ መሰለ። የሙሽሪት እናት ገጹን በጣታቸው እየነኩ «ይሄ የልጄ ቀሚስ አይደለም» አሉኝ።

ማተሚያ ቤቱ አላጠፋም። የእኔ ሞኒተር ሰፊ የቀለም ክልል ያለው፣ ማለትም ከተራው ስክሪን የበለጠ ደማቅ ቀለም ማሳየት የሚችል ነው። በትክክል ስላላስተካከልኩት ግን ተራውን የኤስአርጂቢ (ስልክና ኢንተርኔት በአብዛኛው የሚጠቀሙበት መደበኛ የቀለም ክልል) ፎቶ እየለጠጠ ያሳየኝ ነበር። ያልነበረ ድምቀት አይቼ፣ የነበረውን ቀነስኩ።

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ሞኒተር ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ኢንቹና 4ኬ (3840 በ2160 ፒክሰል) መሆኑ ነው። ለቀለም ሥራ ግን ቀድማችሁ ሥራችሁ የት እንደሚያልቅ አስቡ፤ ስልክ ላይ ነው፣ ወረቀት ላይ ነው ወይስ ቪዲዮ? ከታች ያሉት ሦስቱም 27 ኢንችና አይፒኤስ (ከጎን ሲታይም ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ የስክሪን ፓነል) ናቸው።

ኤሱስ ፕሮአርት ፒኤ278ኪውቪ ኤስአርጂቢን መቶ በመቶ ይሸፍናል፤ ሰፊ ክልል ግን የለውም። ጥራቱ 2560 በ1440 ፒክሰል ነው። ከፋብሪካ ተለክቶ ይመጣል፤ የቀለም ስህተቱ፣ ማለትም ዴልታ ኢ፣ ከ2 በታች ነው ይላሉ። ያን ያህሉን ልዩነት ዓይን በቀላሉ አይለየውም። ለፌስቡክ፣ ለቲክቶክ፣ ለአልበምም ይበቃል፤ አብዛኛው የፎቶ ላብ የሚፈልገው ኤስአርጂቢ ፋይል ነውና።

ዴል ዩ2723ኪውኢ 4ኬ ነው። የሲኒማውን ክልል ዲሲአይ ፒ3ን 98 ከመቶ ይሸፍናል። ኮንትራስቱ፣ ማለትም የነጩና የጥቁሩ የብርሃን ልዩነት፣ 2000 ለ1 ነው፤ የተለመደው አይፒኤስ 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ማታ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ጥቁሩ ያን ያህል ግራጫ አይሆንባችሁም። በአንድ የዩኤስቢ ሲ ገመድ ላፕቶፑንም ቻርጅ ያደርጋል። ፎቶ ስትሠሩ ግን የኤስአርጂቢ ሞዱን ምረጡ፤ አለዚያ እኔ የደረሰብኝ ይደርስባችኋል።

ቤንኪው ኤስደብሊው270ሲ ለኅትመት ሰው ነው። ለኅትመት የሚጠቅመውን ሰፊ ክልል አዶቤ አርጂቢን 99 ከመቶ ይሸፍናል። ካሊብሬሽኑ (የቀለም ማስተካከያው) የሚቀመጠው ሞኒተሩ ውስጥ ነው። ብርሃን የሚከልል ኮፍያም አብሮት ይመጣል። ጥሩ የኢንክጄት ፕሪንተር ያለው ወይም ለኤግዚቢሽን የሚያትም ይግዛው። ሌላው የማይጠቀምበትን ክልል ነው የሚገዛው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሐረርና ድሬ ላለ አብዛኛው የሰርግ ፎቶግራፈር ፕሮአርቱ ይሻላል፤ በተረፈው ብር ደግሞ የስክሪኑን ቀለም የሚለካ መሣሪያ ግዙ። ሦስት አራት ሆናችሁ አዋጥታችሁ ብትገዙት እየተዋዋሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ነጩን 6500 ኬልቪን፣ ብርሃኑን ከ100 እስከ 120 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) አድርጉት። ከካርቶን የወጣ ስክሪን ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ ያበራል፤ አልበማችሁ ጨልሞ የሚታተመው በዚህ ነው።

ቲኤን ፓነል ለዚህ ሥራ አትግዙ። ቪኤ የሚባለው ፓነልም ጥቁሩ ጥልቅ ቢሆንም ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይለወጣል። ሱቅ ውስጥ ግራጫ ምስል ክፈቱና ጭንቅላታችሁን ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱ፤ ወዲያው ታዩታላችሁ።

ክፍሉንም አትርሱ። የጀጎል ቤቶች ግድግዳ አረንጓዴና ሮዝ ሆኖ ሲያዩት ደስ ይላል። ከስክሪናችሁ አጠገብ ያለ አረንጓዴ ግድግዳ ግን ዓይናችሁን ያታልላል። እኔ የሥራ ክፍሌን ግራጫ ቀባሁት፤ የድሬን ፀሐይ ለሚያውቅ ደግሞ ወፍራም መጋረጃ የግድ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ የፎቶ ላባችሁ ያተመውን አንድ ፎቶ ከነፋይሉ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ስክሪኑን አስከፍቱና ወረቀቱን አጠገቡ ያዙት። እኔ የምይዘው ያንን የቀይ ቀሚስ ፎቶ ነው፤ አስተካክዬ ድጋሚ ያሳተምኩትን።