ቡችላ ያላችሁ የድሬ ልጆች፣ ይህን ልጅ ያዙት

አቦ ይህን ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግን ወሩ አያልፍም። ሳቢያን ነው የሚኖረው። ስሜን እንዳትለጥፊው ብሎኛል፣ ስለዚህ ዝም ብዬ «ልጁ» እላለሁ። ስራው ምን መሰላችሁ? ባለቤቱ ስራ ሲውል ቤት የቀረን ቡችላ እኩለ ቀን ላይ እየሄደ ያያል። ውሃ ይቀይራል፣ ያበላል፣ ያጸዳል፣ ትንሽ ያጫውትና በሩን ቆልፎ ይሄዳል። ሲወራ ቀላል ነው። ድሬ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው ፈልጎ የሚያውቅ ግን ይረዳኛል፤ ዘበኛ ይገኛል፣ ሰራተኛም በስንት ደላላ ይገኛል፣ «ውሻ የሚያይልኝ» ስትሉ ግን ሁሉም ይስቅባችኋል።

እኔ ስራዬ ሐረር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ ደንገጎን ወጥቼ፣ ውዬ፣ ቤቴ ስገባ 12 ሰዓት አልፏል። አወዳይ ላይ መንገዱ ከተዘጋጋ ደግሞ አትጠይቁኝ። ቡችላዬን ቡቺን የሰጠችኝም እዚያው ሐረር ያለች ባልደረባዬ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። ከዚያ ነፋሻ አየር የወረደች የሦስት ወር ቡችላ በኛ ሙቀት ከጠዋት እስከ ማታ ብቻዋን ትዋል ማለት ጭካኔ ነው።

ልጁ መጀመሪያ ቀብድ ስሰጠው አልተቀበለም። «ቤቱን ልየው» አለ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ አንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር ረዳት ሆኖ ስለሰራ ዓይኑ ሌላ ነገር ነው የሚያየው። ግቢውን ዞረ። ከበሩ ስር ያለውን ክፍተት በእጁ ለካና «እህቴ፣ ጭንቅላቷ ካለፈ ሁለመናዋ ያልፋል፣ ውጭ ደግሞ ባጃጅ ነው» ብሎ ጣውላ መታበት። የሶኬት ዲቫይደሩን ከወለል አነሳው፤ ከአራት ወር ጀምሮ ጥርስ ስለሚቀይሩ ያገኙትን ሁሉ ያኝካሉ አለኝ። የአይጥ መርዝ ካለሽ ዛሬውኑ ይውጣ አለ። ሰንሰለት ደግሞ ጨርሶ አይፈልግም። ሰው በሌለበት የታሰረ ቡችላ ተጠምዞ ራሱን ሊያንቅ ይችላል።

የምትውልበትን ቦታ ሲመርጥ ነው በጣም የወደድኩት። ብዙ ሰው ክፍል ውስጥ ዘግቶ ቬንትሌተር ከፍቶላት ይሄዳል። መብራት ሲጠፋስ? በድሬ ከሰዓት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ መስኮት ተዘግቶ! ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልበውም፣ ላብ የሚወጣው ከመዳፉ ስር ትንሽ ነው፣ የሚበርደው በማለክለክ ነው፣ የሚያለከልከው አየር ራሱ የጋለ ከሆነ ደግሞ የትም አይደርስም። ስለዚህ ሳሎኑን ተወና ቀኑን ሙሉ ጥላ የማይለየውን በረንዳ፣ ኒሙ ስር ያለውን ሲሚንቶ ወለል፣ በወንፊት ሽቦ አጠረላት። አጥሩ ለጎረቤቴም በጀ፤ ሰላት የምትሰግድበት ምንጣፍ አጠገብ ቡቺ እንዳትደርስ ፈልጋ ነበር፣ እሱም ሙስሊም ስለሆነ ሳትነግረው ገብቶታል። ውሃውን የምትገለብጠው ጎድጓዳ ሳህን ላይ ሳይሆን ከባድ የሸክላ ገበቴ ላይ ነው የሚያደርገው። ሙቀቱ ሲብስ ሃይላንድ ሙሉ ውሃ ከፍሪዘር አውጥቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጥላታል፣ እሷም ተደግፋው ትተኛለች።

እኩለ ቀን ለምን እንደሚመጣም ልንገራችሁ። ቡችላ ሽንቱን የሚይዘው በግምት በወሩ ቁጥር ልክ ነው ይላሉ፤ የሦስት ወሯ ሦስት ሰዓት፣ ቢበዛ አራት። እኔ ደግሞ ከቤት የምርቀው ለአስራ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጥላ ፍለጋ ሲገባ፣ ልጁ ከቤት ይወጣል። ከሰዓት ደግሞ ወደ 9 ተኩል አካባቢ አንዴ ብቅ ብሎ ያያታል። በየጊዜው በቴሌግራም ፎቶ ይልክልኛል። (ስብሰባ ላይ ሆኜ ስልኬን እያየሁ የምስቀው ለዚህ ነው፣ አለቃዬ ይህን ካነበብክ ይቅርታ።)

ምግብ ላይ ቀልድ አያውቅም። የተረፈ ፍትፍት ላስቀምጥላት ስል ከለከለኝ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ማለት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም አይሆንም፣ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። አሁን ሩዝ ያለ ሽንኩርት ከተቀቀለ ስጋ ጋር አዘጋጅቼ እተዋለሁ።

ብቻዋን መዋልን ያስለመዳትም እሱ ነው። መጀመሪያ ቡና ልጠጣ ጎረቤት ገብቼ እንድወጣ አደረገኝ፣ ቀጥሎ ገበያ፣ ቀጥሎ ግማሽ ቀን። ስወጣ እያቀፍኳት ልሰናበታት ስል «ተይ፣ ዝም ብለሽ ውጪ» ይለኛል። ስታላዝን ተመልሼ እንዳልገባ፣ ትንሽ ዝም ስትል ብቻ እንድገባ፤ አለበለዚያ ጩኸት በር እንደሚከፍት ትማራለች። የለበስኩትን ሽቲ ሳላጥበው መተኛዋ ላይ አነጥፍላታለሁ፣ ሽታዬ ያረጋጋታል። የመጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት ይሰማ ነበር፣ አሁን ጸጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስገረመኝ። በራፌ ላይ ነጠላ ጫማ አስቀምጧል። የሚያያቸው ውሾች ብዙ ስለሆኑ፣ ፓርቮ የሚባለው በሽታ በጫማ ተሸክሞ ሊገባ ስለሚችል፣ ክትባቷ ያላለቀ ቡችላ ጋር ሲገባ ጫማ ይቀይራል፣ እጁን ይታጠባል። ወደ መንገድም አያወጣትም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ሦስት ወር ሲሞላት ያስወጋኋትም እሱ አስታውሶኝ ነው። ያልተከተበ ትልቅ ውሻ ስጡት ብትሉት አይቀበልም፣ ለሱም አደጋ ነውና ልክ ነው።

ቁልፍ ሳልሰጠው በፊት ሳልጠይቀው የቀበሌ መታወቂያውን ኮፒና ተያዥ ይዞ መጣ። ይህ ነው እምነት የሰጠኝ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ስልክ አያነሳም፣ ቮይስ ላኩለት፣ እሱም በቮይስ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ማታ። አርብ ጁምዓ ስለሚሄድ ቀደም ብሎ መጥቶ ይሄዳል፣ ከዚያ ከሰዓት ዘግየት ይላል፣ አስቡበት። ሌሊት አያድርም። ዋጋውን እሱ ይንገራችሁ፣ እንደ ቤታችሁ ርቀት ይለያያል፣ ለኔ ግን ብዙ አይደለም።

የሚሰራው ሳቢያን፣ ከዚራና ገንደ ቆሬ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የባጃጁ ክፍያ አያዋጣውም። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። በኢንቦክስ ጻፉልኝና ላገናኛችሁ፤ ስትጽፉ የቡችላውን ዕድሜ፣ የትኛውን ክትባት እንደወሰደና ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደማትገኙ ጨምሩ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።