አንድ ኮምፒውተር፣ አራት ስክሪን፦ ስምንት ወር ከስፕሊተር ጋር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ክፍሏ ጠባብና ረጅም ናት። ፊት ለፊት የሰቀልኩት አንድ ስክሪን ለኋለኞቹ አይታይም፤ ኤክሴል ስጀምር «ቲቸር፣ የቱን ነው የነኩት?» የሚል ጥያቄ አያልቅም።

የአንዱን ኮምፒውተር ምስል ለብዙ ስክሪን የሚያካፍል ስፕሊተር ፍለጋ መርካቶ ወርጄ መጀመሪያ የገዛሁት ባለ ሁለት ቀንድ ኬብል ነበር። ሻጩ «ስፕሊተር ማለት ይሄው ነው» አለኝ፣ አመንኩት። አንድ ስክሪን ስሰካ ይሠራል፣ ሁለተኛውን ስጨምር ሁለቱም ይጠፋሉ። ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ ከኮምፒውተር ወደ ስክሪን የሚወስደው ኬብል) እንደ አንቴና ሽቦ ቀጥለው የሚካፈሉት ነገር አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ምስል ከመላኩ በፊት ስክሪኑን ምን ያህል ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች) እንደሚችል ይጠይቀዋል፣ በአንድ ሽቦ ሁለት መልስ ሲመጣ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ መሃል ሆኖ የሚያስማማ፣ ከሶኬት የራሱን ኃይል የሚያገኝ ሳጥን ያስፈልጋል። እሱን ልገዛ ስመለስ ደግሞ ስዊች ሊያሸክሙኝ ነበር። በመልክ መንታ ናቸው። ስፕሊተር አንድ መግቢያና ብዙ መውጫ አለው፣ ስዊች ግልባጩ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ቀዳዳዎቹ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

የገዛሁት ባለ አራት መውጫ ነው። መዳፍ የምታክል የብረት ሳጥን፣ ባለ 5 ቮልት አዳፕተር። የሚጫን ሶፍትዌር የለውም፤ ትሰካላችሁ፣ አለቀ። አራቱም ላይ የሚታየው ግን አንድ ዓይነት ምስል ነው። እዚህ ኤክሴል እዚያ ቪዲዮ ላሳይ የሚል ሰው ገንዘቡን አያባክን፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንድ ስክሪን ብቻ ነው።

በጣም ያንገበገበኝ የጥራቱ ነገር ነው። ሦስቱ ስክሪኖች 1920 በ1080 ፒክስል ናቸው። አራተኛዋ ከ1366 በ768 በላይ የማትቀበል ያገለገለች ሞኒተር ናት። እሷን የሰካሁ ቀን የሁሉም ጽሑፍ ደበዘዘ፣ እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳጥኑን ስሰድብ ከረምኩ። ለካ ሲራራ ነጋዴ ለደከመችው አህያ ብሎ እንደሚያዘግም ሳጥኑም ሁሉም የሚችሉትን እየፈለገ ነው። (አንዳንዱ ሞዴል ደግሞ የመጀመሪያው መውጫ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚሰማው።) ሞኒተሯን አውጥቼ የተሻለች ስተካ በዚያው ቀን ጠራ።

ቀጥሎ ኬብል። የመጨረሻው ስክሪን ድረስ የዘረጋሁት 15 ሜትር ነበር፣ ርካሽ። ምስሉ ብልጭ ጥልም ይላል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ሳጥኑን ከጠረጴዛዬ አንስቼ ግድግዳው መሃል ላይ ሰቀልኩት፤ ከኮምፒውተሩ እስከ ሳጥኑ 8 ሜትር፣ ከዚያ ወደ ኋላ 7 ሜትር ሆነ። ሳጥኑ ምልክቱን አድሶ ስለሚልክ ምስሉ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። ድምፅ በአራቱም ይወጣል፣ ሦስቱን ዝም አሰኙ።

የኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ነገር እኩል ይነሳና ስክሪኖቹ ጥቁር ሆነው ይቀራሉ። መጀመሪያ ስክሪኖቹን፣ ከዚያ ሳጥኑን፣ መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩን ካበራሁ ችግር የለም። በአምስተኛው ወር ግን መብራቱ በኃይል ሲመጣ አዳፕተሩ ተቃጠለ። ሳጥኑ ተርፏል፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስታብላይዘር አልነበረኝም። አንድ ተማሪዬ ሊረዳኝ ብሎ የዋይፋይ ሳጥን አዳፕተር አመጣ። ቀዳዳው ላይ ልክክ አለ። ሶኬቱ ላይ ልሰካው ስል ጀርባውን አየሁት፣ 12 ቮልት። አሁን የሳጥኑ አዳፕተር ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፌ «5 ቮልት፣ ሌላ እንዳይሰካ» ብዬ በትልቁ ጽፌበታለሁ።