«ለአንጀት መከላከያ» ተብሎ የሚሸጠውን የውሻ ዱቄት እንዳትገዙ

ጎንደር ውስጥ ቡችላ የምታሳድጉ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ።

አራዳ አካባቢ ቡችላ የሸጠልኝ ሰው አንድ ብልቃጥ ዱቄት አወጣ። «የቡችላ አንጀት ባዶ ነው። ይሄ የመከላከያ ሴል ይጨምርለታል፤ ከሰጠኸው ክትባት ምን ያደርግለታል?» አለኝ። 1,500 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ወንድሜ፣ እንተማመን እንጂ» አለ። ብልቃጡ ላይ የአምራች ስም የለም። ቀን የለም። ውስጡ ምን እንዳለ አልተጻፈም። ያኔውኑ መመለስ ነበረብኝ።

ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ እየበጠበጥኩ ሰጠሁት። ሽታው በሶ በሶ ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ቡቺ ምግቡን ዞር ብሎም አላየው። ሌሊቱን ሲያስታውክ አደረ። ሲነጋ የተኛበት ጆንያ ደም በቀላቀለ ተቅማጥ ርሶ ነበር፤ ሽታው በር ላይ ይቀበላል። ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ ነው ተባለ። አምስት ቀን ግሉኮስ ተሰክቶለት በመከራ ተረፈ። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር።

ያከሙት ሐኪም ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። የጤነኛ ውሻ አንጀት መቼም ባዶ አይደለም። ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ሊምፎሳይትና ፕላዝማ ሴል የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ሰፍረዋል። በሽፋኑ ሴሎች መሀል ደግሞ ሌሎች ሊምፎሳይቶች ተሰግስገው ይጠብቃሉ። ፕላዝማ ሴሎቹ አይጂኤ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ። እሱ ወደ አንጀቱ ውስጥ ይወጣና ጀርሞች ግድግዳው ላይ እንዳይጣበቁ ይከላከላል። ሁሉም በልክ ነው። ልካቸውን አልፈው ሲበዙ ግን የአንጀት ብግነት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የማያባራ ተቅማጥና ክሳት የሚያመጣው ማለት ነው። ስለዚህ ዱቄቱ እውነት «ይጨምር» ቢሆን እንኳ አልፈልገውም ነበር።

ቡችላ መጀመሪያ የሚጠበቀው በእናቱ እንገር ነው። ከተወለደ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን መጥባት አለበት፤ ከዚያ በኋላ አንጀቱ የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል ወደ ደም አያሳልፍም። ያ ጥበቃ በሳምንታት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ፓርቮ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ቫይረሱ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ይመርጣል፤ የአንጀቱን ሽፋን የሚያድሱትን፣ መቅኔውን፣ ሊምፎሳይቶቹንም። ቤቱንም ዘበኛውንም አንድ ላይ ይመታል።

ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመራል። በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል። የመጨረሻው 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ መሆን አለበት። የእብድ ውሻ ክትባት ለብቻው ነው፤ እሱንም እንዳትረሱ። የትል መድኃኒትም ከሐኪም ተቀበሉ። ቡችላ ስትገዙ ሐኪም የፈረመበትን የክትባት ካርድ ጠይቁ። «ካርዱ ቤት ነው» ካላችሁ ካርዱን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

ቀደም ሲል ውሻ በፓርቮ ታሞበት የነበረ ቤት የገባ ካለ ደግሞ ቡችላ ከማምጣቱ በፊት ወለሉን በበረኪና ይጠብ። ቫይረሱ ወራት ይቆያል፤ ተራ ሳሙና አይገድለውም።

ሰውዬው ባለፈው ቅዳሜም እዚያው ቆሞ ነበር። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ቡችላ እያዩ ነው። ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው፤ ብልቃጡን መለሱለት። ክዳኑ ሰማያዊ ነው።