ከመግዛቴ በፊት «ውስጡ እንዴት ነው የሚታጠበው?» ብዬ ያልጠየቅኩት የሳሙና ዲስፔንሰር (የ8 ወር ልምድ)

አንድ የሆቴላችን እንግዳ ሎቢው አጠገብ ያለው መታጠቢያ ጋ እጁን በሳሙና ታጥቦ አደረቀ፣ ከዛ እጁን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተና ተመልሶ በውሃ ብቻ ታጠበ። ምንም አላለኝም፣ ሰላም ብሎኝ ነው የወጣው። እኔ ግን በሩ ጋ ቆሜ ስለነበር አየሁት፣ እሱ እንደሄደ ገብቼ አንዴ ተጭኜ ሳሸተው እርጥብ መወልወያ ፌስታል ውስጥ ታስሮ የከረመ ነው የሚመስለው፣ ከላዩ ላይ ደግሞ የላቬንደር ሽቶ አለበት፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ምን እንደሚሆን እናንተ አስቡት።

ለነገሩ ስገዛው ዝም ብዬ አልገዛሁትም፣ አስቤበታለሁ። 18 ለክፍሎቹ፣ 4 ለሕዝብ መታጠቢያው፣ በድምሩ 22 ፍሬ፣ ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ 1 ሊትር የሚይዝ፣ በእጅ የሚጫኑት ዓይነት። ሴንሰር ያለውን ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ በፊት እሱ ነበረን፣ ባትሪ ድንጋዩ ውስጡ ፈሶ ነጭ ነገር አውጥቶ ብረቶቹን በላቸው፣ ደግሞ ፀሐይ በመስኮት ቀጥታ ስትመታው ግራ ይገባዋል፣ እጅህን ስታቀርብለት ዝም፣ ማንም ሳይኖር ጭርቅ (እጅ የሚለየው በኢንፍራሬድ ነው፣ ፀሐይ ራሷ ደግሞ ኢንፍራሬድ ትረጫለች)። በዚህ በኩል አልተሳሳትኩም፣ በ8 ወር ውስጥ አንድም ፓምፕ አልተሰበረም፣ ቁልፉም ይሠራል። እሱን ብዬ ልለፍ።

ችግሩ ሳሙና መያዣው ነው። አይወጣም! ከጀርባው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው፣ ክዳኑን በቁልፍ ትከፍትና ከላይ ትጨምራለህ፣ በቃ። ሻጩ ይሄንን እንደ ትልቅ ጥቅም ነበር የነገረኝ፣ «ወንድሜ፣ ካርትሪጅ (የታሸገ መሙያ) ምናምን መግዛት የለ፣ ከፈለግከው ጄሪካን ገልብጠህ መሙላት ነው»። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፣ ግማሽ ሳሙና የቀረባቸውን ትንንሽ ጠርሙሶች በየቀኑ ከየክፍሉ እየሰበሰቡ መጣል ሰልችቶኝ ነበር።

ሽታው ከመጣ በኋላ ግን ሎቢው ጋ ያለውን ከፍቼ በስልኬ መብራት ውስጡን አየሁት። ፓምፑ ሳሙናውን የሚስብባት ቱቦ ስሩ ድረስ አትደርስም፣ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብላ ነው የቆመችው። እና ከሷ በታች ያለው ሳሙና መውጫ የለውም። የጽዳት ልጆቹ ደግሞ ግማሽ በደረሰ ቁጥር ከላይ ይሞላሉ (ባዶ ሆኖ እንግዳ እንዳይቆጣ ብዬ ያዘዝኳቸው እኔው ነኝ)፣ ሳሙናው ወፍሮ አልወጣ ሲል ውሃ ጠብ ያደርጉበታል፣ ፈሳሽ ሳሙና ውስጥ እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመረው ኬሚካል ውሃ ሲገባበት እየሳሳ ይሄዳል፣ ከስር ያለው እንዳለ ሆኖ ላዩ ብቻ እየታደሰ ወራት አለፉ ማለት ነው። ስሩን በጣቴ ስነካው ዝልግልግ ያለ ነገር፣ የመያዣው ግድግዳ ላይ የተጣበቀ፣ እንደ አልጌ ነገር። ሳሙና ውስጥ! ሳሙና ይቆሽሻል ብሎ ማን ያስባል?

ለካ ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2002 እ.ኤ.አ. ለሕክምና ተቋማት ባወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ ላይ፣ በከፊል ባዶ የሆነ ዲስፔንሰር ላይ ሳሙና አትጨምሩ ይላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ከላይ የሚሞሉ 14 ዲስፔንሰሮችን መርምሮ 14ቱም ባክቴሪያ ነበረባቸው፣ ተማሪዎቹና ሠራተኞቹ በዛ ሳሙና ከታጠቡ በኋላ እጃቸው ላይ ግራም ኔጌቲቭ የሚባለው የባክቴሪያ ዓይነት 26 እጥፍ ጨምሮ ተገኘ። ታጥበው! እርግጥ ከአጥኚዎቹ ውስጥ የታሸገ መሙያ የሚሸጥ ኩባንያ ሰዎች ስላሉበት እኔ ትንሽ እየጠረጠርኩ ነው ያነበብኩት፣ ግን ያንን ዝልግልግ በጣቴ ነክቼው ከመጣሁ በኋላ ብዙ ለመከራከር አቅሙም አልነበረኝም።

አሁን ሻጩ ይሄን ቢያነብ ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ «የአጠቃቀም ችግር ነው፣ ባዶ እስኪሆን ጠብቃችሁ፣ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ነው መሙላት ያለባችሁ»። እሺ ወንድሜ፣ በምን በኩል ልጠበው? ግድግዳ ላይ እንዳለ ውሃ ብጨምርበት የሚወጣው በፓምፑ ብቻ ነው፣ አንዴ ስትጫነው የሚሰጥህ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ 1 ሊትር ውሃ ለማስወጣት 1000 ጊዜ መጫን ማለት ነው፣ ለአንዴ ማለቅለቅ! በ22 አባዛውና ንገረኝ። እንዴትስ ነው የሚደርቀው፣ ታች ያለችው ጣት ታህል ውሃ ወዴት ትሄዳለች? ደግሞ እኮ ለዲዛይን የተጨነቁ መሆናቸው ያስታውቃል፣ ፊቱ መስታወት ይመስላል፣ ክዳኑ ሲዘጋ ድምፁ ራሱ ያምራል።

የጽዳት ኃላፊያችን፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ በረኪና በጥብጠው የጠርሙስ ብሩሽ ይዘው ታገሉት፣ አፉ ሦስት ጣት ስለማያስገባ ጥጉ ጋ ብሩሹ አይደርስም። ሲደክማቸው «ልጄ፣ ይሄን የሠራ ሰው በሕይወቱ ዕቃ አጥቦ አያውቅም» አሉኝ። ከዚህ በላይ ግምገማ እኔም መጻፍ አልችልም።

ቀጥሎ የሞከርነው መንቀል ነው። ብሎኖቹ ክዳኑ ስር ናቸው፣ 2 ከላይ 2 ከታች፣ የታቹ አጭር ካቻቢቴ ካልሆነ አይደርስበትም። ፈትተን ሲንክ ውስጥ ዘፍዝፈን አጥበን መለስን፣ አሪፍ ሆነ፣ ሽታው ጠፋ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ፣ ምክንያቱም ፓምፑን አልፈታነውም ነበር፣ ዝልግልጉ ቱቦው ውስጥም አለ። እንደገና ነቀልን። ሦስተኛው ላይ ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት የግድግዳ ፕላስቲክ) አብሮ መዞር ጀመረ፣ አንዱ ጋ ሴራሚኩ ተሰነጠቀ፣ ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ እርጥበት ገባ። ዕቃ ለማጠብ ግድግዳ ስናፈርስ!

በመጨረሻ ያዳነን አንድ ብረት ሠራተኛ ነው። ስስ የማይዝግ ብረት ቆርጦ ጀርባ ሠራልን፣ ብረቱ ግድግዳው ላይ እስከመጨረሻው ይታሰራል፣ ዲስፔንሰሩ ጀርባ ላይ ሁለት መንጠቆ ተገጠመና ከላይ ወደታች ገብቶ ይቀመጣል፣ ወደላይ ስትገፋው ይወጣል። እንግዳ ይዞት እንዳይሄድ ከስር አንዲት ብሎን አለችው። አሁን 4 ትርፍ ዲስፔንሰር አስቀምጠናል፣ አንዱ ሳሙና ሲጨርስ ይወርድና ደረቁ ይሰቀላል፣ የወረደው ፓምፑ ተፈቶ በሙቅ ውሃ ይታጠብና ተደፍቶ ይደርቃል። ከላይ መጨመር ክልክል ነው፣ ውሃም እንደዛው። ሁለት ወር ሆነን፣ በየጊዜው አሸታለሁ (ልማድ ሆነብኝ፣ ሌላ ሆቴል ስገባም አሸታለሁ፣ ሚስቴ አፍራብኛለች)፣ እስካሁን ሽታ የለም።

ግን ይሄን እኔ ነኝ እንዴ መሥራት የነበረብኝ? ፋብሪካው ስሩን ጠፍጣፋ ከማድረግ ወደ ቱቦዋ ዘንበል አድርጎ ቢሠራው የሚቀር ሳሙና አይኖርም ነበር፣ መያዣው ተንሸራትቶ እንዲወጣ ማድረግ ደግሞ ምን ያህል ፕላስቲክ ቢጨምርበት ነው? አፉን ሰፋ፣ እጅ የሚያስገባ። የሚንጠባጠብበትን ነገር እንኳን ትቼዋለሁ፣ አፍንጫው ከሲንኩ ጠርዝ ውጪ ስለሚቀር ጠብታው ወለል ላይ ነው የሚያርፈው፣ እሱን ከፍታውን ስናስተካክል ለራሳችን ተወጣነው።

ግዛ ወይስ አትግዛ ለምትሉኝ፣ ዛሬ ጠዋት ብትጠይቁኝ አትግዙ ነበር የምላችሁ፣ አሁን የታጠቡት ተደፍተው ሲደርቁ እያየሁ ስለምጽፍ ትንሽ በረድኩ። ፓምፑ ጥሩ ነው፣ መያዣው የሚወጣ ሞዴል ካላቸው እሱን ግዙ። ከ22ቱ 16ቱ ብረቱ ላይ ወጥተዋል፣ 6ቱ ገና ድሮ እንደነበሩ ናቸው፣ ሐሙስ ብረት ሠራተኛው ሲመጣ እነሱንም እናወርዳለን፣ ከዛ በፊት የተሰነጠቀችውን ሴራሚክ የሚመስል ቀለም ያላት ካገኘሁ ጥሩ፣ ካልሆነ ብረቱን ትንሽ ሰፋ አድርጎ እንዲሸፍናት እለምነዋለሁ።