ሞተር የማወጣበት ባለ ሦስት እግር ማንሻ፤ ከ14 ወር በኋላ

ጋራዤ ኮልፌ ነው። ትንሽ ግቢ ናት፤ ሦስት መኪና ከገባ አራተኛው በር ላይ ይቆማል። እስከ አምና ድረስ ሞተር የምናወጣው በትከሻ ነበር። ሁለት አጠና እናጋድማለን፣ ሞተሩን በገመድ እናስርበታለን፣ አራት ልጅ ከግራና ከቀኝ ይሸከማል። አንድ ቀን ከአራቱ አንዱን አዳለጠው። ሞተሩ ለጥቂት እግሩን ስቶ ጫማው አጠገብ ወደቀ። ልጁ ሳቀ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ መርካቶ ወረድኩ። መጀመሪያ ያየሁት ባለ ጎማውን የሃይድሮሊክ ክሬን ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አልዋሽም። ግን የእኔ ግቢ አብዛኛው ጠጠር ነው፤ ያቺ ትንሽ የብረት ጎማ ጠጠር ላይ ንቅንቅ አትልም። ዋጋውም የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ ቼይን ብሎክ፣ ማለትም በእጅ ሰንሰለት እየሳቡ ክብደት የሚያነሱበትን ዕቃ ልግዛ፣ የሚንጠለጠልበትን ሦስት እግር ደግሞ ሰፈር ካለ በያጅ ላሠራ አልኩ።

ሻጩ «ጋሼ፣ ይሄ 2 ቶን ያነሳል» አለኝ። መንጠቆው ላይ የተቀረጸውን ሳየው 1 ቶን ይላል። አሳየሁት። «ያው ነው፣ ፋብሪካው ቀንሶ ነው የሚጽፈው» አለኝ፣ ምንም ሳይደነግጥ። ግማሽ እውነት አለው። ሰንሰለቱ ከተጻፈበት ክብደት በእጥፍ ድርብ እንዲችል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ያ ትርፍ ግን የተቀመጠው ጭነቱ ሲንገጫገጭ፣ ሰንሰለቱ ሲያረጅና ሲዝግ መጠባበቂያ እንዲሆን ነው፤ ለሻጭ ምላስ አይደለም። ለማንኛውም 11 ሺህ 500 ብር ከፍዬ ወሰድኩት። ለእኔ ሥራ 1 ቶን ይበቃል። የሂሉክስ ሞተር ከነካምቢዮው 300 ኪሎ ብለን ብንይዘው እንኳ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ዕቃውን ወድጄዋለሁ። የእጅ ሰንሰለቱን ስትስቡ ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እጃችሁን ስትለቁ ጭነቱ ባለበት ቀጥ ይላል። አራት ልጅ ያንገዳግድ የነበረውን ሞተር ዛሬ አንድ ልጅ ብቻውን ያነሳዋል፤ ቀስ ይላል እንጂ አይከብደውም። ልቤን ያላገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። መንጠቆው ላይ ያለችው መዝጊያ፣ ገመዱ እንዳይወጣ የምትይዘው ምላስ፣ ስፕሪንጓ በሦስተኛው ወር ሞተ። አሁን በሽቦ አስሬያት ነው የምሠራው። ለቼይን ብሎኩ ከ10 ስምንት ብቻ የሰጠሁት በእሷ ምክንያት ነው።

የበያጁ ሥራ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

መጀመሪያ በቱቦላሬ ሊሠራልኝ ነበር። ቀለል ያለ፣ 1.5 ሚሊ ውፍረት ያለው። እኔ የውሃ ቧንቧ ይሁን አልኩ፤ ባለ 2 ኢንች፣ ግድግዳው 3 ሚሊ የሆነ። ቧንቧ በ6 ሜትር ነው የሚሸጠው። ሁለት ገዝተን እኩል ስንቆርጣቸው ባለ 3 ሜትር አራት እግር ወጣ። አንዱ ተረፈ፤ የጋራዡ ልጆች የልብስ ማስጫ አድርገውታል። ቧንቧው ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ የሚበየድበትን ቦታ መጀመሪያ በግራይንደር ላጥ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የዚንኩ ጭስ ማታ ላይ ብርድ ብርድ እያለ ያንቀጠቅጣል። በያጁ አልላጠውም። «ወተት እጠጣበታለሁ» አለኝ። በማግስቱ አልመጣም።

ሲመለስ የሠራልኝ አናት ደግሞ ጉድ ነበር። ሦስቱን ቧንቧ ጫፋቸውን በስቶ አንድ ረጅም ቡሎን አሳለፈባቸው፤ ቼይን ብሎኩም እዚያው ቡሎን ላይ ይንጠልጠል አለ። ላዩን ሲያዩት ያምራል። ግን እግሮቹ ሲከፈቱ አንዱ ቧንቧ ከሌላው ጋር ይጋፋል፣ ቡሎኑም መሃሉ ላይ ይጎብጣል። ባዶውን ራሱ ከፍተን ስናቆመው ተንጋደደ። «ጋሼ፣ ሲጫንበት ይስተካከላል» አለኝ። ሲጫንበት ይስተካከላል! መልሰው አልኩት።

ሁለተኛው ጥሩ ወጣ። 10 ሚሊ ውፍረት ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ላሜራ፣ በየማዕዘኑ ጥንድ ጆሮ፣ ለእያንዳንዱ እግር የራሱ 16 ሚሊ ቡሎን ከነዳዶው። የቼይን ብሎኩን ማንጠልጠያ ግን እንዲበይድልኝ አልፈለግኩም። ላሜራውን በስተን ሻክል (በቡሎን የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) አሳለፍንበት። ክብደቱን ብየዳ ሳይሆን ሙሉ ብረት እንዲሸከመው ነው። በያጁ ቅር ብሎታል፤ ብየዳዬን አታምንም ብሎ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አደጋው ያለው አናቱ ላይ ሳይሆን እግሩ ሥር መሆኑን የተረዳሁት በመጀመሪያው ወር ነው። ሂሉክስ ገብቶ ሞተሩን እያነሳን ነበር። ሁለቱ እግሮች ጠጠር ላይ፣ ሦስተኛው ሲሚንቶው ላይ ነበሩ። ሲሚንቶው ላይ ዘይት ፈሶበታል። ሞተሩ ስንዝር ያህል ከፍ እንዳለ ሦስተኛው እግር ሸተት አለ። ሁለት ጣት ያህል ሄዶ ቆመ። ያቆመው ሦስቱን እግሮች ዙሪያውን ያሰርኩበት ሰንሰለት ነው። «ምን ያደርጋል፣ ይጠላልፈናል» ብለው ልጆቹ ሊያወጡት የነበረው ሰንሰለት።

ሂሳቡን ኋላ ሠራሁት። 300 ኪሎ ተንጠልጥሎ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ከሚወርደው የመሃል መስመር 30 ዲግሪ ከተከፈቱ፣ እያንዳንዱ እግር ወደ ውጭ የሚገፋው 58 ኪሎ ያህል ነው። 45 ዲግሪ ከሆነ 100 ኪሎ ይገባል። 60 ሲደርስ 170 ያልፋል። ጭነቱ ያው ነው፤ እግሩ በተከፈተ ቁጥር ነው የሚብሰው። ዲግሪ መለኪያ ደግሞ አያስፈልግም። በሜትር ከእግር እግር ለኩ፣ ከመሬት እስከ አናት ለኩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ 30 ላይ ናችሁ። በእኔ ባለ 3 ሜትር እግሮች ሁለቱም ልኮች 2 ሜትር ከ60 ይመጣሉ፤ ሂሉክስ በሁለቱ እግሮች መሃል እንደ ልቡ ይገባል።

የእግሮቹን ሰንሰለት ያያዝኩት እግሩ ሥር ካለው ላሜራ ጋር፣ መሬት ለመሬት ነው። ጎማ ያልፍበታል። ምክንያቱም ሞተሩ ከወጣ በኋላ የምንገፋው መኪናውን ነው እንጂ ሞተሩን ወደ ጎን አንጎትተውም። ሦስት እግር ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ክብደት እንጂ የጎን ጉተታ አይችልም። ላሜራዎቹ ሥር ከምን አለሽ ተራ ያመጣሁትን የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ለጥፌባቸዋለሁ። ሲሚንቶውንም ቀድመን በሳጋቱራ እናደርቃለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰፈራችን ወፍጮ ቤት ያላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። የወፍጮውን ሞተር ሊቀይሩ ዕቃውን ተዋሱኝ። ሲመልሱ «ዘይት አጠጥቼልሃለሁ ልጄ፣ ቅባት አጥቶ ይጮህ ነበር» አሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ካምቢዮ አንጠልጥዬ እጄን ለቀቅኩ። ካምቢዮው ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደ ሊፍት፣ መውረድ ጀመረ። ደግነቱ ሥሩ ማንም አልነበረም፤ ተንጠልጥሎ እያለ ሥሩ መግባት ከድሮም ክልክል ነው። የቼይን ብሎኩን ክዳን ስከፍተው ጭነቱን ባለበት የሚያቆሙት የፍሬኑ ዲስኮች በዘይት ርሰዋል። ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ቅባት ማጣት አልነበረም፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ጥርስ ነው። ዘይት የሚፈልገው ጭነት የሚሸከመው ሰንሰለት ነው፣ እሱም በስሱ። ዲስኮቹን በቤንዚን አጠብኳቸው፤ አልሆነም። ተቀያሪ ለማግኘት ሦስት ቀን መርካቶን ዞርኩ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ጭነት አንድ ስንዝር ከተነሳ በኋላ እጃችንን ለቀን ትንሽ እንጠብቃለን። ካልወረደ እንቀጥላለን።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው ድጋሚ መጡ። ሦስቱን እግሮች ልጆቹ ተሸክመውላቸው ወጡ። «ቼይን ብሎኩስ?» አሉኝ በሩ ላይ ቆመው።

«እሱን እኔው ይዤው እመጣለሁ» አልኳቸው።